የኢተፋ መልክ

ሽማግሌዎቹ «ፈጣሪ ስንት ልጅ ሰጣችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የልጅቷ አባት ጉደታ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይህችው አንዲት ልጅ ናት ያለችን» ብሎ ሲመልስ፣ ወርቅውሃ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የብርዝ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ጥያቄው የወግ ጥያቄ ነው። ልጅ ለልጅ ሊያጋባ የመጣ ሽማግሌ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ መወደድ፣ ስለ አሰላ መንገድ መበላሸት ሲያወራ ቆይቶ የሚጠይቀው ነው። መልሱም እንደ ወግ መልስ ሳይደናቀፍ ነበር የወጣው፤ ሰውየው ሲለማመደው የከረመ ይመስል ነበር። ጉዲቱ፣ ያቺ አንዲት የተባለችው ልጅ፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ ለእንግዶቹ የሚቀርበውን ሳህን እያደረቀች ነበርና እናትና ልጅ ተያዩ። ጉዲቱ ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ ሳህኑ መለሰች። ወርቅውሃ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ቀስ ብላ ስላስቀመጠችው አንድም ብርጭቆ አልተንቃጨለም። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ከፍራሹ ሥር በአቡጀዲ የተጠቀለለ ትልቅ ፎቶ አወጣች። የኢተፋ ነው፤ የበኩር ልጇ። አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ከወሰዱት ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ከገደሉት በኋላም ሬሳው አልተሰጣትም። ድንኳን መትከልም ማልቀስም ክልክል ስለነበር ጎረቤት ለቅሶ የደረሳት ጨው ልበደር፣ ወንፊት ልዋስ እያለ በጓሮ በር በየተራ እየገባ ነው። ፎቶውን የተነሣው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰ ሰሞን ነበር፤ ፎቶ ቤቱ ነጋቲቩን አስቀምጦት ኖሮ ባለፈው ጥር በትልቁ አሳጥባ ወሰደችው። ያኔ ባሏን ጉደታን ቀለም ላስቀባውና ሳሎን እንስቀለው ብትለው ኮቱን ለብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፎቶው ፍራሹ ሥር ሆነ። ባልና ሚስት ሌት ሌት በላዩ ይተኛሉ፤ ቀን ቀን አንዳቸውም አያነሱትም። ዛሬ ነጠላዋን ደርባ፣ ፎቶውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በጓሮው ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር፣ በሽማግሌዎቹ መሐል አልፋ ወጣች። እንደምን አደራችሁ ብላ እጅ ነሣቻቸው እንጂ አልተቀመጠችም። ከመሐላቸው አንዱ ለሰላምታ ሊነሣ ሲል ቆርቆሮ ሳጥኑ ላይ ያደረገውን ባርኔጣ ጣለ። ጉደታ ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ እንግዳ ፊት ስለሆነ መልሶ ዘጋው።

የኅዳር እሑድ ነበር። ናዝሬት ገና በረፋዱ አቧራዋን አንሥታለች፤ ነፋሱ የመንገዱን አሸዋ እየዘገነ ሱቆች ደጃፍ ላይ ይበትነዋል። ጋሪ ያዘች። ባለጋሪው ስለ ፈረሱ መኖ ውድነት፣ ስኳር ቀበሌ ሱቅ በወር አንዴ እንኳ ስላለመምጣቱ ሲያወራላት፣ የስኳር ፋብሪካው እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ እኛ ሻዩን ያለ ስኳር እንጠጣለን ሲል እሷ አዎን አዎን እያለች ሰማችው። ምን እንደታቀፈች አልጠየቃትም። በዚያ ዘመን ሰው የታቀፈውን መጠየቅ ነውርም አደጋም ነበር። ፎቶ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወረደች፤ መሐመድሰዒድ የሚባለው የወሎ ሰውና ሚስቱ ፋዲላ የሚሠሩበት፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው፣ ደጁ ላይ በተሰቀለ የመስተዋት ሳጥን ውስጥ የሙሽሮችና የሕፃናት ፎቶ የተደረደረበት ጠባብ ቤት ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ አንጻሩ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነበር።

ፋዲላ ብቻዋን ነበረች። ባሏ ሰርግ ሊያነሣ አሰላ ሄዷል። ፎቶ ማንሣቱና ማጠቡ የእሱ ነው፤ ቀለም መቀባቱ ግን የእሷ። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በቀጭን የዘይት ቀለም፣ በእንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ እያሸች ሕይወት ትዘራበታለች ይሏታል። ወርቅውሃ አቡጀዲውን ፈትታ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ፋዲላ ከንፈሯን ነክሳ በሩን ገርበብ አደረገች። ቤቱ መስኮት አልነበረውም፤ በአንደኛው ግድግዳ የላንጋኖ ሐይቅ የተሣለበት ሸራ ተሰቅሏል፤ ከጣራው አንድ አምፖልና አንድ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ተንጠልጥለዋል።

«እትዬ ወርቅውሃ፣ ባለቤቴ ቢኖር አይሆንም ይልዎት ነበር» አለች ፋዲላ።

«ለዚህ ነዋ ሳይኖር የመጣሁት።»

ፋዲላ ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። ወንበር ሰጠቻት፤ ልጁ የለበሰውን ሹራብ ቀለም ጠየቀቻት። ወርቅውሃ ሹራቡን ራሷ ናት የሠራችው፤ ክሩን ከየት እንደገዛች፣ ለክርኑ ሲያንሳት ሌላ እንደቀጠለች ሳይቀር ነገረቻት፤ የጠገበ አረንጓዴ ነው፣ እንደ ግራዋ ቅጠል። የፊቱን መልክ ስትጠየቅ ግን ጠይም ብቻ አለች። ፋዲላ ጠይም ብዙ ነው፣ ወደ ቀይ የሚስብ አለ፣ ወደ ጥቁር የሚስብ አለ ስትላት ወርቅውሃ ዓይኗን ጨፈነች። ልትነግራት ፈልጋ ፊቱን ፈለገችው፤ አልመጣላትም። የመጣላት ሌላ ፊት ነው።

«መጨረሻ ያየሁት በባትሪ ነው» አለች። «በር ላይ አቁመው ፊቱ ላይ አበሩበት። ኖራ የተለሰነ መሰለ። ሕልሜም ላይ የሚመጣው እሱ ነው፤ ያ ነጭ ፊት። የወለድኩትን ልጅ መልክ ባትሪ ወሰደብኝ።»

ፋዲላ ቀለሙን ከቱቦው እየጨመቀች ሳህን ላይ ማቀላቀል ጀመረች። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አንገቱን በስሱ ቀባችው። በአምፖሉ ሥር ልጁ ደም የዞረበት ደህና ሰው መሰለና ወርቅውሃ ትንፋሿን ሰብስባ ጠጋ አለች። ያኔ ፋዲላ አምፖሉን አጥፍታ ረጅሙን መብራት አበራች። ያው ፊት፣ ያው ቀለም፣ ግን ከንፈሩ ወይቦ፣ ጉንጩ አረንጓዴ ነክቶት፣ ወባ የጣለው ሰው ሆነ። ወርቅውሃ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ፋዲላ ነገሩን አስረዳቻት። አምፖል የራሱን ቢጫ ያለብሳል፤ በአምፖል እያዩ የቀቡት ፊት ውጪ ሲወጣ አመድ የተነፋበት ይሆናል። ረጅሙ መብራት ደግሞ ቀዩን ይደብቃል፤ በእሱ እያዩ ከቀቡ ቀይ ይበዛና ውጪ ሲወጣ የሰከረ ሰው ይሆናል። እውነተኛው መልክ የሚለየው በፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው። ድሮ ፎቶውን ጓሮ እያወጣች ትቀባ ነበር፤ ቀበሌው ጓሮውን ለእህል መጋዘን ወስዶ ቆርቆሮ ካለበሰው ወዲህ ግን የቀራት ብርሃን የፊት ለፊቱ በረንዳ ነው። ሙሽሮቹን እዚያ ወጥታ ትቀባቸዋለች። ይህንን ግን፣ አለችና በገርባባው በር ወደ ማዶ ተመለከተች። ዓይኗ ሥራውን ስለለመደ በግምት ልትጨርሰው እንደምትችል፣ ለግድግዳ እንደማያንስ ነገረቻት።

«ልጄን የወሰዱት በግምት ነው» አለች ወርቅውሃ። «መልኩ በግምት አይሆንም።»

ብላም ከግድግዳው ሥር የነበረውን አግዳሚ ወንበር ይዛ ወጣች። ከባድ አግዳሚ ነበር፤ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ እየጎተተችው በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ፀሐዩ በቀጥታ ከሚያርፍበት አደረሰችው። ተመልሳ ገብታ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ወጣችና ጉልበቷ ላይ አቁማ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀመጠች። ፋዲላ ከውስጥ ጥቂት ቆየች። የንግድ ፈቃዷን የምታሳድሰው ማዶ ካለው ቢሮ ነው፤ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ የሚያስነሣ ሰው የሚልክላትም እሱ ነው። ከዚያ የቀለም ሳህኗንና ጥጧን ይዛ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ መጣችና ከጎኗ ተቀመጠች።

በፀሐይ ሲታይ ፊቱ እንደተባለውም አመድ መስሎ ነበር። ፋዲላ መቀባቱን ቀጠለች። የእሑድ መንገደኛ ያልፋል። ፎቶውን ያየ ሁሉ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ፎቶ ያየዋል፤ ከዚያ ይለየውና እርምጃው ይዘገያል። ኢተፋን ከተማው ያውቀዋል፤ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት፣ ለጎረቤት ልጆች ሒሳብ ሲያስጠና ያውቀዋል። አንዲት ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ሸክሟን ሳታወርድ ቆማ ከንፈሯን መጠጠችና ሄደች። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ መልሰው አጠለቁት። ሁለት ዓመት ሙሉ በጨው ብድር ሰበብ ሲመጣ የነበረው ለቅሶ አሁን በዋናው መንገድ እየመጣ እንደሆነ ወርቅውሃ ተረዳች። ጀርባዋን አቃንታ ተቀመጠች።

ሰው መቆም ሲጀምር ከማዶ ሰብስቤ መንገዱን አቋርጦ መጣ። ሰብስቤ የአብዮት ጥበቃ ሹም ነው፤ ካኪውን እሑድም አያወልቀውም። እሱ ሲደርስ ቆሞ የነበረው ሰው ትንሽ ሸሸ እንጂ አልተበተነም።

«እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው እዚህ?» አለ።

«ፎቶ እናስቀባለን።»

«ፎቶ ቤት ገብቶ አይቀባም?»

«ውስጥ መልኩ አይለይም።»

ሰብስቤ ጎንበስ ብሎ አየና ተቃና። ጆሮው ቀላ። «የዚህ ዓይነት ሰው ፎቶ አደባባይ ማውጣት ክልክል መሆኑን አታውቂም?» አለ። እማማ ያለውንም፣ አክብሮቱንም በአንዴ ጣለው።

«የምን ዓይነት ሰው?»

ሰብስቤ ዙሪያውን ቃኘ። ፋዲላ ጥጡን እንደያዘች እጇ አየር ላይ ቀርቷል። ከዚያ ሰብስቤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚናገር፣ «እኔ ያን ሌሊት ተረኛ አልነበርኩም» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ወርቅውሃ ቀና ብላ አየችው። «ባትሪ የያዘ ሰው ፊቱ አይታይም። ማን እንደነበር አላውቅም» አለችው። «ከነበርክም ግን ያኔ በደንብ አላየኸውም። ይኸው አሁን ፀሐይ ነው። እየው።»

ሰብስቤ ፎቶውን ሊቀማት እጁን ዘረጋ። እሷ አልሸሸችም፤ እንዲያውም ፎቶውን ትንሽ ወደ እሱ አስጠጋችው።

«ያዘው» አለች። «ቀለሙ እርጥብ ነው። መልኩ እጅህ ላይ ይቀራል።»

እጁ እዚያው ቆመ። የቆመው ሰው ሁሉ ያንን እጅ ነበር የሚያየው። ቀስ ብሎ መለሰውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ነገ ጠዋት ቢሮ እንድትመጣ አዘዛት፤ እመጣለሁ አለችው። ፋዲላንም ስምሽን ይዣለሁ በሚል ዓይን አያት፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ በሩን ከኋላው ዘጋ። ፋዲላ ሳህኗን ልታነሣ ስትል ወርቅውሃ እስከዚህ ያደረስሽኝ ይበቃል፣ ግቢ፣ አንቺም ቤት አለሽ አለቻት። ፋዲላ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ግማሽ ፊት ቀብቼ ሰው አልመልስም ብላ ጥጧን እንደገና ነከረች።

ጉደታ የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሽማግሌዎቹን መልስ በሚቀጥለው እሑድ ብሎ ሸኝቶ፣ ሲፈልጋት ቆይቶ፣ ወሬው መንገድ ላይ ተቀብሎት ነው የመጣው። ከጋሪው እንደወረደ ፎቶውን ሳያይ እሷን ብቻ እያየ፣ ጥርሱን ገጥሞ ተነሺ አላት። እንግዳ ጥለሽ ወጣሽ፣ ልጅቷን ያለ ባል ልታስቀሪያት ነው፣ የቀረችንንም ልታስበያት ነው አለ። ወርቅውሃ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና ፎቶውን ወደ እሱ አዞረችው።

ጉደታ አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየውን ፊት በእኩለ ቀን ፀሐይ አየው። ፋዲላ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ ጋሽ ጉደታ፣ ቀለሙ ግንባሩ ላይ አልስማማ ብሎናል፣ እንዲህ ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ፊቱን መረመረው። የጋሪው ፈረስ ዝንብ እያባረረ ጭራውን ያወናጭፍ ነበር።

«ለምን ታቀሉታላችሁ?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ሻክሯል። «ልጄ ጥቁር ነበር።»

ወርቅውሃ ደነገጠች፤ እውነት ነበር። ጉደታ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ጉራቻ ኮ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ የእኔ ጥቁር ማለቱ ነው። እሷ ያንን ነጭ ፊት ልታጠፋ ስትታገል እሷው ራሷ ልጇን ስታነጣው አርፍዳለች። ፋዲላም ጥፋቱ የእጄ ነው አለች፤ ቀለም የሚያስቀባ ሁሉ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ፣ ሙሽራዋን ፈካ አድርጊያት ስለሚላት እጇ ሳታዘው ማቅላት ለምዷል። ጥጡን ላምባ ነክራ የቀባችውን በሙሉ ጠረገችው። ፊቱ እንደገና ጥቁርና ነጭ ሆነ። እንደገና ጀመረች። ጉደታ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ አንድ እግሩን በረንዳው ላይ አድርጎ፣ በኋላም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከጉንጩ አጥንት በታች ጨምሪ፣ እዚህ ጋ ፀሐይ የመታው ነው፣ ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው፣ አይደለም አሁንም ይጠቁራል እያለ ያሳያት ጀመር። ተናገረ፤ ተናገረ። ስለ ልጁ በዚያ ከሰዓት የተናገረውን ያህል በሁለት ዓመት አልተናገረም። ወርቅውሃ አላቋረጠችውም። እየደመቀ፣ እየጠቆረ፣ ከጥቁሩ ሥር ሞቅ ያለ ቡናማ እየወጣ የሚሄደውን ፊት ታያለች፤ አንድ ቦታ ላይ፣ ፋዲላ የዓይኑን ሥር በቀጭኑ ስትነካው፣ እጇን አንሥታ «በቃ» አለች። ኢተፋ ነበር።

ቀለሙ ለመድረቅ ቀናት እንደሚፈልግ፣ ከተጠቀለለ እንደሚበላሽ ፋዲላ ነገረቻቸው። እዚህ ይቆይና ሲደርቅ በምሽት ኑ ውሰዱት አለች። ወርቅውሃ አቡጀዲውን አጥፋ ብብቷ ሥር አደረገችና እንዲሁ እንወስደዋለን አለች። ለፋዲላ የሚገባትን ልትሰጣት ብትል ፋዲላ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ይልቅ ነገ ቢሮ ማን ቀባው ካሉዎት ስሜን ይንገሯቸው፣ እኔ ነኝ ብያለሁ አለቻት።

ጋሪው ላይ ጉደታ ፎቶውን ከፊቱ፣ ደረቱ ላይ አቁሞ ያዘው፤ ጣቶቹ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነክተዋል። ከቀበሌው አዳራሽ የእሑዱ ስብሰባ እየተበተነ ስለነበር መንገዱ በሰው ሞልቷል። ባለጋሪው በውስጥ መንገድ ልሂድ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጉደታ በዋናው አለው። ሰዉ ለጋሪው መንገድ እየለቀቀ፣ አንዳንዱ አንገቱን ሰብሮ፣ አንዳንዱ ትክ ብሎ እያየ አሳለፋቸው። አንድ ወጣት እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ወዲያው አወረደው። ፀሐዩ ከፊት ለፊት ነበር፤ ጉደታ ዓይኑን እያርገበገበም ቢሆን ፎቶውን አላዞረም።

ጉዲቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ፊቷ አብጧል፤ ቀኑን ብቻዋን ነው የዋለችው። ፎቶውን አይታ ግድግዳውን ተደገፈች። ወርቅውሃ ሳሎን ገብታ፣ ከመስኮቱ አንጻር፣ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየውን ቦታ መረጠች። ጉደታ የልጅቷን ፊት እያየ፣ በሚቀጥለው እሑድ ሰዎቹ ሲመጡ ይህንን ካዩ ይቀሩ ይሆናል፣ አንቺ ምን ትያለሽ አላት። ጉዲቱ ጓዳ ገብታ መዶሻና ሚስማር ይዛ ወጣች።

«ከቀሩ ይቅሩ» አለች፤ ወንበር ላይም ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ወርቅውሃ ታጥባ፣ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቀበሌው ልትሄድ ስትወጣ ጉደታን ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘችው። የተጠራችው እሷ ብቻ መሆኗን አስታወሰችው። ጉደታ የሳሎኑን በር ፎቶው ከመንገድ እስኪታይ ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ድንጋይም አስደገፈበትና ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ጀመሩ።